ለተላጠው የመሪ ቆዳ፦ ከቀለሙ በፊት እጥበቱ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ከአባትህ የተረከብከው የ2003 ሞዴል ኮሮላ መሪ ቆዳው ከላይ ነጥቶ፣ በግራ ጎኑ ተልጦ እጅህን ይቆረቁርሃል። «ሽፋን ላልብሰው፣ የጫማ ቀለም ላስቀባው ወይስ መሪውን ልቀይረው?» ብለሃል። ሦስቱንም ለጊዜው ተዋቸውና ቆዳውን ራሱን አድስ። እኔ በመኪናዬ ላይ ከሠራሁት አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ቀለሙ እጅ ላይ አይለቅም።

የጫማ ቀለሙን በተለይ እንዳትሞክረው። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። አንድ እሑድ ቀብቼ በጨርቅ ወለወልኩት፤ አምሮ ዋለ። ማክሰኞ ዝናብ መትቶኝ በእርጥብ እጄ ነዳሁና ቤት ስደርስ የባለቤቴን ነጠላ ተቀበልኳት፤ አምስቱም ጣቶቼ ነጩ ላይ ታተሙ። የጫማ ቀለም ሰም አለበት፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ከቆዳው ጋር አይያያዝም። ከዚያም የባሰው መሪውን ማንሸራተቱ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ቆዳው አይደለም፤ ፋብሪካው በላዩ የቀባው ስስ የቀለም ሽፋን ነው። የእጅ ላብና ቅባት፣ ፀሐይ፣ የጣት ቀለበት፣ ከኮሮና ወዲህ ደግሞ የእጅ ማጽጃ አልኮል ይበሉታል። ለማረጋገጥ የነጣው ቦታ ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ አኑር። ጠብታዋ ሰርጋ ቦታውን ካጠቆረችው ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው። አስቀድመህ ግን ስፌት መኖሩን እይ፤ ዙሪያውን ስፌት ከሌለው መሪው ፕላስቲክ ነውና ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

አሁን ወደ እጥበቱ እንምጣ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃሃል። አረፋውን ብሩሹ ላይ አድርግ እንጂ መሪው ላይ አታፍስስ፤ መሐሉ ላይ ኤርባግና የክላክስ ሽቦ አለ። መሪውን ለመፍታትም አትሞክር፤ ኤርባግ በፈንጂ ኃይል የሚነፋ ነገር ስለሆነ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። እኔ በስፌቱ በኩል ስቦርሽ የወረደው አረፋ የቡና አተላ ይመስል ነበር። ሦስት ጊዜ አጥቤ በአራተኛው ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ የመሪዬን እውነተኛ መልክ አየሁ። ስወደው የኖርኩት ብልጭታ የዓመታት ቅባት ነበር። አዲስ የመሪ ቆዳ አያብለጨልጭም፤ ደብዘዝ ያለ ነው።

ሲደርቅ የተላጠውን ጠርዝ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ1000 ቁጥር በቀስታ አለስልስ። ጣትህን ስታሳልፍበት ጠርዙ ካልያዘህ ይበቃል። ከዚያ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ አንዴ ጠርገው፤ ቅባት ከቀረ ቀለሙ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይላጣል። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ለቆዳ የተሠራ መሙያ በስሱ ቀባ፤ አድርቅ፣ አለስልስ፣ ድገም። የግድግዳ ወይም የመኪና አካል ስቱኮ እንዳታስጠጋው፤ ቆዳው ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል። ደግሞም ሁሉንም ካልደለደልኩ አትበል። ያ የግራ ጎን አባትህ ለዓመታት የያዙበት ቦታ ነው፤ ጥቂት ስርጉድ ቢቀር እጅህ ራሱ ይለምደዋል።

ቀለሙ በውኃ የሚቀጥን የቆዳ ቀለም ይሁን። እኔ እዚህ ፈልጌ አጥቼ ከዱባይ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። የመሪውን መሐልና ማብሪያ ማጥፊያዎቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን፤ ቀለሙን በትንሽ ስፖንጅ ነካ ነካ እያደረግህ እንጂ እየጎተትህ አትቀባ። የመጀመሪያው ዙር ዥንጉርጉር ሆኖ ያስደነግጣል፤ አትጨምርበት፣ አድርቀው። እኔ አምስት ስስ ዙር ቀባሁ፤ በየመሐሉ በጸጉር ማድረቂያ ለብ አደረግሁት። በመጨረሻ የማያብለጨልጭ መከላከያ ሽፋን ሁለት ዙር ቀብቼ ቅዳሜ ማታ ያቆምኳትን መኪና ሰኞ ጠዋት ነዳኋት።

ቆዳው እስከ ውስጥ ከተቀደደ ወይም የስፌቱ ክር ከበሰበሰ ግን ቀለም አያድነውም፤ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ አዲስ ቆዳ ያልብሰው። የምታቀርበው ቆዳ የከብት ይሁን፤ ውፍረቱም ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይበል። የደጋችን የበግ ቆዳ በዓለም የታወቀው ለጓንት ነው፤ ለመሪ ይሳሳል። በላዩ የሚጠለቀውን ርካሽ ሽፋን አልመክርህም፤ በኩርባ ላይ መሪው ሳይዞር እሱ ሲዞር በእጄ አይቻለሁ።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለንን መኪና መያዝ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗልና ሌሎቻችሁም የሠራችሁትን ጻፉ። አንተ ደግሞ መሪውን ካጠብከው በኋላ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የኮሮላ መሪ ጥቁር መስሎ ግራጫ የሚሆንበት ጊዜ አለና ቀለሙን ሳትገዛ አብረን እንየው።