ዓለም ያለቀበትን ልብ ወለድ አንብቤ ጸሎት አቃተኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰሞኑን አንድ ልብ ወለድ አነበብኩ። ፀሐይ ጠፍታለች፣ ምድር አታበቅልም፣ የተረፉት ሰዎች እርስ በርስ ይበላላሉ። ምን እንደተፈጠረ እንኳ ደራሲው አይናገርም። ጨርሼው ለጸሎት ስቆም ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ወደ ባዶ የማወራ መሰለኝ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማንበብ ኃጢአት ነው? ወንድሜም አውሺኝ ብሎኛል፤ ልስጠው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጽሐፍ አንብቦ ማዘን ኃጢአት አይደለም። «ልብ ወለዱን ጣዪና ቅዱስ መጽሐፍ አንሺ» ብዬ ብሸኝሽ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ግን ቅዱስ መጽሐፉን ስትከፍቺም ያው ጨለማ ይጠብቅሻል።

ሰቆቃወ ኤርምያስን አንብበሽ ታውቂያለሽ? ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ በባቢሎናውያን እጅ ስትወድቅ የተለቀሰ ልቅሶ ነው። ከተማዋ ተከባ እህል አልቆባት ነበር። ሕፃናት እንጀራ ይለምናሉ፣ የሚቆርስላቸው የለም። ምዕራፍ 4 ቁጥር 10 ላይ እናቶች የገዛ ልጆቻቸውን ቀቅለው እንደበሉ ተጽፏል። ያንቺ ደራሲ ከዚህ የባሰ የጻፈ አይመስለኝም። ይህኛው ደግሞ ልብ ወለድ አይደለም።

አሁን ወደ ጸሎትሽ እንምጣ። ምዕራፍ 3 ቁጥር 44 ላይ ነቢዩ እግዚአብሔርን ምን እንደሚለው እዪ። ጸሎት እንዳያልፍ ራስህን በደመና ከደንህ ይለዋል። ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ! ጸሎቴ አይደርስም ብሎ አቤት ያለው ለማን ነው? ከደመናው ጀርባ ላለው ለራሱ ነዋ። አንቺ ግን «ወደ ባዶ የማወራ መሰለኝ» ያልሽውን ለእኔ ጻፍሽልኝ እንጂ ለእርሱ አልነገርሽውም። ዛሬ ማታ እሱኑ ንገሪው። ሌላ ቃል ካልመጣልሽ ያ ይበቃል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ምሕረቱ በየማለዳው አዲስ እንደሆነ እናነባለን። እሱን ሁላችንም እንወደዋለን፣ ግድግዳችን ላይ እንሰቅለዋለን። 44ኛውን የሰቀለ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ሁለቱም የወጡት ከአንድ አፍ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የልብ ወለዱን ፍጻሜ ከምጽአት ጋር አታምታቺው። እኛ የምንጠብቀው አመድ አይደለም፣ የሚመጣ ጌታ ነው። ጴጥሮስም በሁለተኛው መልእክቱ ጽድቅ የሚኖርበትን አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር እንጠባበቃለን ይላል።

ደግሞ መጽሐፉን የጨረስሽው በስንት ሰዓት ነው? ሌሊት ሳትተኚ ከሆነ ድካሙም የራሱን ሠርቷል። ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ ስብከት አልጀመረበትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በልቶ መልሶ ተኛ። መልአኩም እንደገና ቀስቅሶ ብላ አለው። አንቺም ብዪ፣ ተኚ። ጨለማው ለሳምንታት አልለቅ ካለሽ ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ሐኪምም ጋ ሂጂ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለወንድምሽ ከመስጠትሽ በፊት ሰሞኑን እንዴት እንደሰነበተ ጠይቂው። ሐዘን ወይም ጭንቀት ላይ ከሆነ ይቆይ። ደህና ከሆነ አውሺው፤ ሲጨርስ ግን ቁጭ ብላችሁ አውሩበት።