ነርሷ በፋብሪካ ውስጥ ምን ትልበስ?

ጥያቄ፦ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። አስተዳደሩ ነጭ ጋውኔን ትቼ እንደ ቢሮ ሠራተኞች የድርጅቱን ሸሚዝ እንድለብስ ይፈልጋል። «እዚህ ሆስፒታል አይደለም» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሆስፒታል አለመሆኑ እውነት ነው፤ ሸሚዙን ግን አይቀበሉ። ከጀርሙ በፊት የሚያሳስበን ሠራተኞች በእርስዎ ላይ ያላቸው እምነት ነው። የቢሮ ልብስ የለበሰች ነርስ በሠራተኛዋ ዓይን የአስተዳደር ሰው ናት። ሠራተኛዋ እጇ እየደነዘዘ፣ ወይም አርግዛ እያለች፣ ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ ከነርሷ ትደብቃለች። ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅም ከብዙ ሠራተኛ መሃል ነርሷ ከሩቅ መለየት አለባት።

ረጅሙ ጋውንም ቢሆን ለማምረቻ አዳራሹ አይሆንም። ጫፉ ወይም የኋላ ማሰሪያው በሚሽከረከር ዘንግ ከተያዘ ሰውን ይጎትታል። የሚሻለው እጀ አጭር፣ ዳሌ ላይ የሚያበቃ ሸሚዝና ሱሪ ነው፤ እጅጌው ከክርን በላይ ሲቀር እጅን በደንብ መታጠብ ይቻላል። ቀለሙ ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ይለይ። ወደ አዳራሹ ሲወጡ አንጸባራቂ ሰደርያና ሴፍቲ ጫማ ይጨምሩ፤ መቀስና ቁልፍ ከላይኛው ኪስ አይያዙ፣ ሲያጎነብሱ ይወድቃሉ። ቦይለር ወይም ብየዳ አጠገብ የሚደርሱ ከሆነ ጥጥ ይምረጡ፤ ፖሊስተር በሙቀት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ቢያንስ 3 ቅያሪ ይጠይቁ፦ አንድ የሚለበስ፣ አንድ የሚታጠብ፣ አንድ ደም ቢነካዎት በክሊኒኩ የሚቀመጥ። ደም የነካውን በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሙቅ ውሃ እድፉ እንዳይለቅ ያደርገዋል። ማሽን ካለ በ60 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ይታጠብ። በእጅ ከሆነ በሳሙና አጥበው ካለቀለቁ በኋላ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። እድፍ ክሎሪኑን ስለሚያዳክመው ሳይታጠብ አይዘፍዘፍ። ባለቀለም ልብስ እንደሚለቅ ግን ይወቁ። በታክሲ ለብሰውት ወደ ቤት አይሂዱ።

ለአስተዳደሩ ሲያስረዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን ይጥቀሱ፤ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሰደርያውና ጫማው እዚያ ውስጥ ይገባሉ፤ የደንብ ልብሱ ቀለም ግን የድርጅቱ ውሳኔ ስለሆነ በሕግ ሳይሆን በመግባባት ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ ነጭ ለብሼ ግፊት ስለካ የብዙ ሠራተኛ ከፍ ይላል። ላውልቀው?

መልስ፦ ጋውኑን ማውለቅ ብቻውን አይረዳም፤ የሚያስፈራው ምርመራው ራሱ ነው፣ በተለይ የቅጥር ምርመራ ሲሆን። ሠራተኛው 5 ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ ይቀመጥ፣ እግሩን አያነባብር፣ ሽንቱን ሸንቶ ይምጣ፣ ሲለካ አያውራ። ክንዱ በልብ ትይዩ ይደገፍ። በ1 ደቂቃ ልዩነት 2 ጊዜ ለክተው አማካዩን ይመዝግቡ፤ አሁንም ከፍ ካለ ሌላ ቀን ይድገሙት።