መልስ፦ ከአማርኛ ልብ ወለዶች የወደዳችሁትና የጠበቃችሁትን ያጣችሁበት የቱ ነው?

ወንድሜ፣ የእኔ ምርጥ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ግርማ ራሱ ጋዜጠኛ ስለነበር ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን የነበረችውን አሥመራን ሲጽፍ ስብሰባው፣ ቡና ቤቱ፣ ሐሜቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ከገጸ ባሕርያቱ ፊያሜታን ደግሞ አንብቦ የሚረሳት ያለ አይመስለኝም። በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 የገባበት ሳይታወቅ ቀረ። ይህን እያወቁ ማንበቡ ይከብዳል። ግን መጽሐፉ ያለዚህም ታሪክ በራሱ ይቆማል ባይ ነኝ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁሉም ስለሚጠራው አልደግመውም። ለእኔ ከሰብለና ከበዛብህ ይልቅ ጉዱ ካሣ ይበልጥብኛል።

የጠበቅኩትን ያላገኘሁበት፣ አትቆጡኝና፣ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው። ቋንቋው ጥልቅ ነው፤ የገጠሩ ንግግርም ጆሮ ላይ ይቀራል። ክርክሩ ግን ማለቂያ የለውም። ዋናው ገጸ ባሕርይ አደፍርስ አፉን በከፈተ ቁጥር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው «ረቂቅ ነው» እያለ ያወድሰዋል፣ ስንቱ እንደጨረሰው ግን እጠራጠራለሁ። ለጀማሪ አልመክርም፤ አንተ ግን ቃላት የምትወድ ከሆነ ሞክረውና ሐሳብህን ንገረን።