«ዘላለማዊ» የተባለው ኤልፍ በሰይፍ ሲሞት

አንድ አንባቢ የፋንታሲ ልብ ወለድ እየተረጎሙ ሳሉ የገጠማቸውን ጽፈውልኛል። በ1ኛው ምዕራፍ የኤልፎቹን፣ ማለትም የእነዚያን ሰው መሰል የተረት ፍጡራን፣ ንጉሥ «ዘላለማዊ» ብለውታል፤ በ12ኛው ምዕራፍ ንጉሡ በሰይፍ ተወግቶ ይሞታል። አርታዒያቸው ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ ብሎ ጠየቃቸው። «‹ኢሟች› ልበለው ወይስ ‹ሕያው›? ሲሞትስ ‹ሞተ› ነው ወይስ ‹ተሰወረ›?» ይላሉ።

አርታዒዎ ልክ ነው። ከ«ኢሟች» ልጀምር፤ ይህ ቃል ዕረፍት ከነሡኝ አንዱ ነው። «ኢ» የግእዝ አፍራሽ ናት፤ «ሟች» ደግሞ የግእዙ «መዋቲ» መጨረሻ «ቲ» ወደ «ች» ተለውጦ በአማርኛ የጸና መልክ ነው። ግእዙ «ኢመዋቲ» ብሎ ሙሉውን ቃል አዘጋጅቶ ሲያበቃ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ መስፋት ለምን አስፈለገ? «ኢሰብአዊ» እና «ኢፍትሐዊ» ተለምደዋል፤ እኔም እጽፋቸዋለሁ። እነርሱ ግን ግንዳቸውም ግእዝ ነው።

«ሟች» ሌላም ወጥመድ አለበት። ኤልፎች ሰዎችን በሚጠሩበት ቦታ «ሟቾቹ በሌሊት ወደ ጫካው ገቡ» ብለው ይጻፉና ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። አስከሬን ተሰልፎ ሲሄድ ይታይዎታል፤ ምክንያቱም በፍርድ ቤት መዝገብም በጋዜጣም «ሟች» ማለት የሞተው ሰው ነው። «መዋትያን» ይበሉ፤ ከከበደ «ሞት የማይቀርላቸው»።

«ሕያው» ብቻውን አይበቃም። ግሪኩ «አታናቶስ» በአንድ ቃል «ሞት የለሽ» ያለውን የግእዝ ጸሎት «ሕያው ዘኢይመውት» ብሎ አስፍቶታል። ሕያው የሆነ ሁሉ አይሞትም ማለት ስላልሆነ ነው ሁለተኛው ቃል የተጨመረው።

አሁን ወደ ንጉሡ። የእነዚህ ፍጡራን አለመሞት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የተርጓሚዎች ስሕተት ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ኤልፎች አያረጁም፣ በሽታም አይገድላቸውም፤ ሰይፍና ጥልቅ ሐዘን ግን ይገድላቸዋል። ሲሞቱም ነፍሳቸው ከዓለም አትወጣም፤ የሙታን ነፍሳት ወደሚቆዩበት ወደ ማንዶስ አዳራሾች ሄዳ ትቆያለች፣ ዳግም ሥጋ ልትለብስም ትችላለች። ከዓለም ወጥቶ መሄድ የሰው ዕጣ ነው፤ እንዲያውም ስጦታ ተብሎ ይጠራል። እንዲህ ያለው ፍጡር «ኢመዋቲ» እንኳ አይደለም። «እርጅና የማያውቀው» ነው።

«ቃሉ ተለምዷል፣ አንባቢ ‹ዘላለማዊ› ሲባል ይገባዋል» የሚሉ አሉ። ምን እንደሚገባው ግን አይነግሩንም። «ዘላለም» «ዘለዓለም» ነው፤ ዘ፣ ለ፣ ዓለም። በግእዝ «ዓለም» የምንኖርበትን ብቻ ሳይሆን ዘመንንም ይይዛል፤ የዕብራይስጡ እኅቱ «ዖላም» ወደ ረጅሙ ዘመን ሲያደላ የዐረብኛው «ዓለም» ምድርና ሰማይን ይዞ ቀርቷል። እንግዲህ አንድ ሰው ይህንኑ ሥር ይዞ፣ «የቶልኪን ኤልፎች ዕድሜ ከዓለም ዕድሜ ጋር የታሰረ ነው፤ ዓለም እስካለ አሉ፤ ከእነርሱ ይልቅ ‹ዘለዓለማዊ› ሊባል የሚገባው ማን ነው?» ቢለኝ ሥርወ ቃሉ ከእርሱ ጋር ይቆማል። ይህን የምቀበለው ሳልወድ ነው። የዛሬው ጆሮ ግን በ«ዘላለማዊ» ውስጥ ዓለምን አይሰማም፤ ፍጻሜ የሌለውን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ለንጉሡ አልፈቅደውም።

ስለ ሞቱ ቃልም እንዲሁ ፍጡሩን ይጠይቁት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፌሪ ስለሚባሉት ረቂቅ የተረት ፍጡራን የጻፈው የስኮትላንዱ ቄስ ሮበርት ከርክ ከእኛ ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንደሚኖሩ፣ በመጨረሻ ግን እንደሚሞቱ፣ ወይም ቢያንስ ከዚያ ኑሯቸው እንደሚሰወሩ ይናገራል። ለዚህ «ተሰወረ» ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ሥሩ መሸፈን ነው፤ የተሰወረ ይኖራል፣ አይታይም እንጂ። በዴንማርካዊው ደራሲ በአንደርሰን የ1837 ተረት የባሕር ሴቶች 300 ዓመት ይኖሩና ነፍስ ስለሌላቸው አረፋ ሆነው ይቀራሉ። እዚህ ላይ «አረፈች» የሚለው ቃል ከ«አረፋ» ጋር በድምፅ ስለሚገጥም ብዕር ላይ ቀድሞ ይመጣል፤ ይከልክሉት። ማረፍ የሚያርፍ ነፍስ ይፈልጋል።

«ፌሪ» የሚለው ስምም ሲመረመር ከላቲኑ «ፋታ» ይወርዳል፤ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው፣ ከዚያም ወደ ኋላ ሲሄዱ «የተነገረ»። የስኮትላንዱ ደራሲ ባሪ በ1904 መድረክ ላይ ባወጣው የፒተር ፓን ተውኔት ደግሞ አንድ ልጅ «በፌሪ አላምንም» ባለ ቁጥር አንዲት ፌሪ ወድቃ ትሞታለች። ስሟ ከንግግር የተወለደ ፍጡር በንግግር ትሞታለች! ደራሲው ይህን አስቦት ይሁን አይሁን ለእኔ ልዩነት የለውም፤ ግጥምጥሙ ያስደስተኛል። እዚያ ግን «ሞተች» ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ «ተሰወረች» ካሉ ልጁ የሠራው ጥፋት ይቀልላል።

እንግዲህ በ1ኛው ምዕራፍ «እርጅና የማያውቀው ንጉሥ» ይበሉ፤ በ12ኛው «ሞተ»። መርከብ ተሳፍሮ ከሰው ዓይን የሚርቅ ኤልፍ በመጨረሻው ምዕራፍ ካለ «ተሰወረ»ን ለእርሱ ያቆዩለት።