«የጠፋ ውሻ» ወይስ «ዘሩ የጠፋ»?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ ሄስፐሮሳዮን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የኖረ፣ ሥጋ በል፣ ትንሽ እንስሳ ነው። ርዕሱን «ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የጠፋ ውሻ» አልኩት። ያነበበው ሁሉ ይስቃል። ምኑ ነው ስህተቱ? «ዝርያው የጠፋ» ብል ይሻላል?

መልስ፦ ቢስቁ አይፈረድባቸውም። «የጠፋ ውሻ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ፎቶና ስልክ ቁጥር ነው። ያውም 30 ሚሊዮን ዓመት ሲፈለግ የኖረ! ሰዋስዉ ደህና ነው። ነገሩ «ጠፋ» ሁለት ሥራ ደርቦ መያዙ ነው፤ መንገድ ስቶ የቀረውም ጠፋ፣ ጨርሶ ያለቀውም ጠፋ። «የጠፉ ዳይኖሰሮች» ቢሉ ማንም አይደናገርም፤ ዳይኖሰር ጠፍቶበት የሚፈልግ የለማ። ውሻ ግን ይጠፋል፣ ይፈለጋል።

«ዘሩ የጠፋ» ይበሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። «ዘራቸው የጠፉ እንስሳት» የሚል ጽሑፍ በየቦታው አያለሁ። የጠፋው ዘር ነው፤ ግሡም መከተል ያለበት ዘርን ነው። ስለዚህ «ዘራቸው የጠፋ እንስሳት» ነው የሚባለው። ለእንስትም «ዘሯ የጠፋ» እንጂ «ዘሯ የጠፋች» አይደለም።

«ዝርያው የጠፋ» ስህተት ባይሆንም ለዚህኛው ይጠበዋል። በሥነ ሕይወት አመዳደብ ሄስፐሮሳዮን ወገን ነው፤ ዝርያ ደግሞ ከወገን በታች ያለ ክፍል ነው። ያለቀው ከነዝርያዎቹ ነው። «ድራሹ የጠፋ» የሚለውንም አልመክርም። እርግማን እርግማን ይላል። ደግሞስ ድራሹ መች ጠፋ? ነብራስካና ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ቅሪተ አካሉ በብዛት ተገኝቷል።

«ውሻ» ያሉት ስሙ በግሪክኛ «የምዕራብ ውሻ» ስለሆነ ይመስለኛል። ስሙን በ1890 እ.ኤ.አ. ያወጣለት አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ዊልያም ቤሪማን ስኮት ነው። እንስሳው ግን ገላው ረዥም፣ እግሩ አጭር፣ ክብደቱም ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው። ቢያዩት ሸለምጥማጥ ነው የሚሉት። ውሻ፣ ቀበሮና ተኩላ ካሉበት አስተኔ (ከወገን በላይ ካለው ክፍል) ያስመደቡት ጥርሱና የመሃል ጆሮውን የሚከልለው አጥንት ናቸው። ስለዚህ «የውሻ ዘመድ» ይብቃው።

እግረ መንገዴን፦ ቀይ ቀበሮም የዚሁ አስተኔ ነው፤ ስለሱ ሲጽፉ «ለመጥፋት የተቃረበ» ይበሉ። ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ ዛሬም አለ።

ርዕስዎን እኔ ብሆን «ሄስፐሮሳዮን፦ ዘሩ የጠፋ የውሻ ዘመድ» እለው ነበር። 30 ሚሊዮኑ ወደ ውስጥ ይግባ።