መልስ፦ ማክቤዝን ያበላሹት ጠንቋዮቹ ናቸው ወይስ ራሱ?
ወንድሜ፣ በሼክስፒር ተውኔት ውስጥ ማክቤዝ፣ ጠንቋዮቹ ትነግሳለህ ብለው ባይነግሩት ኖሮ ንጉሡን ይገድል ነበር ወይ ላልከው፣ እኔ ጥፋቱን ለነሱ አልሰጥም። የጦር ጓደኛው ባንኮም እኮ አብሮት ቆሞ ነው የሰማው፣ ዘሮችህ ይነግሳሉ ተብሏል ግን ማንንም አልገደለም። ትነግሳለህ አሉት እንጂ ግደል መች አሉት?

እኔን የሚገርመኝ ንጉሡን ደንከንን ገድሎ ሲመለስ ነው፣ ጩቤዎቹን እዛው መተው ሲገባው ደም እንደነካቸው ተሸክሟቸው መጥቶ "አሜን ልል ስል ጉሮሮዬ ላይ ቀረብኝ" እያለ ለሚስቱ ያወራል፣ ያኔ ገና ህሊና አለው ማለት ነው። ባንኮ ላይ ሲደርስ ግን ሰው ልኮ አስገደለ፣ ለሷ እንኳን አልነገራትም (መጀመሪያ ስትገፋፋው የነበረችው እሷ ሆና!)። የባላጋራው የማክደፍ ልጆች ጋ ሲደርስማ ጭራሽ ለዙፋኑም የማያሰጉትን ነው ያስጨረሰው። ሚስትየው ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች የሌለ ደም ከእጇ ታሻለች።