ጎልድ ካርዴ ስወርድ ለምን አልሠራም?

ባለፈው እትም ስለ አየር መንገድ ማይል፣ ማለትም በመብረር ስለሚጠራቀም ነጥብ፣ ከጻፍን በኋላ ብዙ ደብዳቤ ደረሰን። የአብዛኛው ጭብጥ አንድ ነው። ሰው ቢዝነስ ክላስ ይቆርጣል ወይም ማይል አጠራቅሞ ጎልድ የሚባለው የአባልነት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሲነሳ ኤርፖርት ውስጥ ላውንጅ የሚባለው ልዩ ማረፊያ ገብቶ ይስተናገዳል፤ ሲደርስ ግን እንደማንኛውም ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ታክሲ ነው። ሦስት ደብዳቤ መርጠናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ እሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

«ቡና ላኪ ነኝ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ወደ አውሮፓ እመላለሳለሁ። የሼባማይልስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ ጎልድ አባል ነኝ፤ ያለፈው ጉዞዬ ደግሞ በክላውድ ናይን፣ በአየር መንገዱ ቢዝነስ ክላስ፣ ነበር። ሌሊት ከቦሌ ተነስቼ ሊነጋጋ ሲል ደረስኩ። ከገዢዎቼ ጋር የተቀጣጠርነው ለጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ከጉምሩክ ወጥቼ ወደ ባቡሩ ስሄድ የደራሽ መንገደኞች ላውንጅ የሚል ምልክት አየሁ። ደስ አለኝ፣ ሻወር ልወስድ ነው ብዬ ገባሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ቦርዲንግ ፓሴን አየችና ‹ይቅርታ፣ እርስዎ የኛ በረራ ተሳፋሪ አይደሉም› አለችኝ። ጎልድ ካርዴን አወጣሁ፤ አየችው፣ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ በሩ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ሸሚዝ ሰቅዬ ቀየርኩ፣ የቡና ናሙናዬን ይዤ ሄድኩ። ታዲያ ይህ ካርድ ጥቅሙ ምንድን ነው?» ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ከልቤ አዝኛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ በተጨማደደ ልብስ ገዢ ፊት መቅረብ ከባድ ነው። የከተማውንና የላውንጁን ስም ከደብዳቤው ላይ ሰርዣለሁ፤ ልጅቷ ደንቡን ነው የነገረችዎት። ደንቡን አስቀድሞ ሊነግርዎት የሚገባ ሰው ግን ነበር፣ አልነገረዎትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በልምድ ሁሉንም ላውንጅ እንላለን እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርስዎ የለመዱት የተነሺዎች ላውንጅ ከፍተሻ በኋላ ነው የሚገኘው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስታር አልያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት የተቀላቀለው በታኅሣሥ 2004 ነው። ከዚያ ወዲህ የሼባማይልስ ጎልድ ካርድ የስታር አልያንስ ጎልድ ምልክት ባለባቸው የአባል አየር መንገዶች ላውንጆች ያስገባል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። በዚያው ቀን ከዚያ ኤርፖርት የሚነሳ የስታር አልያንስ በረራ ቦርዲንግ ፓስ መያዝ አለብዎት። የሚነሳ የምትለዋ ቃል ናት ቁልፏ። እርስዎ ወርደዋል፣ በረራዎ አልቋል። ካርዱ በዚያች ሰዓት የሚሠራልዎት ምናልባት ሻንጣዎ ላይ ብቻ ነው፤ ቅድሚያ የሚል ምልክት ስለሚታሰርበት ቶሎ ይወጣል።

የደራሾች ላውንጅ ግን የኅብረቱ ሳይሆን የአንድ አየር መንገድ የግል ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጉምሩክ ውጭ ነው የሚሠራው። ለምን እንደተጀመረ ካወቁ ደንቡም ግልጽ ይሆንልዎታል። ከኒውዮርክ ወደ ለንደን የሚደረገው የሌሊት በረራ ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ራት ተበልቶ፣ ትንሽ ሸለብ አድርጎ፣ ሳይነጋ መድረስ ነው። ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰውየው ግን ጠዋት ስብሰባ አለው። አየር መንገዶቹ ይህን ደህና ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ ላለማጣት ሲሉ ሻወርና ቁርስ አዘጋጁለት። ስለዚህ ቤቱ የተሠራው ለራሳቸው ተሳፋሪ ነው፣ ያውም በረዥም በረራ ለመጣ።

ለምሳሌ ብሪቲሽ ኤርዌይስ ለንደን ሂትሮው ተርሚናል 5 ላይ እንዲህ ያለ ላውንጅ አለው። የሚከፈተው በኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሻወር አለ፣ ቁርስ አለ፣ እርስዎ ሻወር ውስጥ እያሉ ልብስዎን ተኩሰው ይጠብቁዎታል። በዋናነት የሚያስገባው በራሱ ረዥም በረራ በፈርስት ወይም በቢዝነስ የመጣውን ነው። ሉፍታንዛም ፍራንክፈርት ላይ ከአህጉር ውጭ ለሚመጡ የቢዝነስና የፈርስት ተሳፋሪዎቹ ተመሳሳይ ቤት አለው። ከዚህ ውጭ ግን ብዙ አይደሉም። በዓለም ላይ ያሉ አብዛኞቹ ኤርፖርቶች የደራሽ ላውንጅ ጨርሶ የላቸውም፤ ከነበሩትም አንዳንዶቹ ከኮሮና በኋላ እንደተዘጉ ቀርተዋል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ትኬቱ ላይ የአንዱ አየር መንገድ ቁጥር ተጽፎ አውሮፕላኑ የሌላው ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የሚታየው ተሳፋሪውን ያመጣው አውሮፕላን የማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ትኬት ሲቆርጡ «ላውንጅ አለው?» ብለው አይጠይቁ፤ ወኪሉ የሚነሱበትን አስቦ «አዎ» ይልዎታል። «ስደርስ የምገባበት አለ ወይ? በየትኛው ተርሚናል? እስከ ስንት ሰዓት?» ብለው ይጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

እሺ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ምን ይደረግ? መድረሻዎ ለንደን ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ሂትሮው ተርሚናል 2 ነው። ከዚያ በምድር ውስጥ መተላለፊያ በእግር ወደ ተርሚናል 3 ይሻገራሉ። እዚያ የደራሾች አዳራሽ አጠገብ ኤሮቴል የሚባል በሰዓት የሚያከራይ ሆቴል አለ። ሻወር ወስደው፣ አንድ ሁለት ሰዓት ጀርባዎን አሳርፈው ይወጣሉ። ከዚያ ሂትሮው ኤክስፕረስ በሚባለው ባቡር ለንደን ከተማ ፓዲንግተን ጣቢያ ለመድረስ 15 ደቂቃ ነው። በገንዘብ የሚያስገቡ የደራሽ ላውንጆችም በአንዳንድ ኤርፖርቶች አሉ፤ ካርድ አይጠይቁም፣ ከፍሎ መግባት ነው። ወደ ሌላ ከተማ ከሆነ ሆቴልዎን ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ይያዙ። የአንድ ሌሊት ዋጋ ያስጨምራል፤ ግን ንጋት ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ዝግጁ ነው። ብዙ ሺህ ዶላር ለሚያወጣ የቡና ውል ይህ ብዙ አይደለም ባይ ነኝ። ሆቴሉ ሲደርሱ የሚያገኙት ሰው እንዲኖር ግን «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እገባለሁ» ብለው ቀድመው ይጻፉላቸው፤ ካልሆነ አልመጣም ብለው ክፍሉን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ። እዚህ ላይ በነሱ አቆጣጠር መጻፍዎን አይርሱ።

እኔ የማደርገውንም ልንገርዎት። ካርዱ ሙሉ ጉልበት ያለው ቦሌ ላይ ነው፤ እዚያ ይጠቀሙበት። ራትዎን ላውንጁ ውስጥ ይብሉና አውሮፕላኑ ላይ እንደወጡ ለአስተናጋጇ «ለምግብ አትቀስቅሺኝ» ይበሏት። ወደ አውሮፓ ያለው ሰባት ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ የራቱን ሰዓት ካተረፉ አምስትና ስድስት ሰዓት በደንብ ይተኛሉ። አንድ የተተኮሰ ሸሚዝ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልለው የእጅ ሻንጣዎ ውስጥ ከላይ ያድርጉት።

«እናቴን ከአዲስ አበባ ላመጣት ነው። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ስለሆነ እንዳትንገላታ ብዬ ቢዝነስ ክላስ ቆረጥኩላት። እኔ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ። የምትደርስ ቀን ከሥራ ወጥቼ ደለስ፣ የዋሽንግተን ኤርፖርት፣ እስክደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ልዘገይ እችላለሁ። ላውንጅ ገብታ ብትጠብቀኝ ይቻላል? ጓደኛዬ ደለስ ላይ ላውንጅ ይወስዳቸዋል ብላኛለች።» ከሜሪላንድ

እህቴ፣ አይቻልም። ጓደኛሽ የሰማችው ላውንጅ ሌላ ነው። ደለስ በ1962 እንደ አውሮፓውያኑ ሲከፈት ጀምሮ የሚሠሩ ከፍ ያሉ ትልልቅ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ ስማቸው ሞባይል ላውንጅ ነው። መንገደኛውን ከአውሮፕላኑ አካባቢ ወደ ኢሚግሬሽን አዳራሽ ያመላልሳሉ። ሶፋና ቁርስ ያለበት ማረፊያ አይደለም። እናትሽ ኢሚግሬሽን ጨርሰው ሻንጣ ይዘው ከወጡ በኋላ ደግሞ ወደ ተነሺዎች ላውንጅ መመለስ አይችሉም፤ የሚነሳ ቦርዲንግ ፓስ ስለሌላቸው ፍተሻውን አያልፉም።

ለእናትሽ ከላውንጅ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ዊልቸር። ነጻ ነው፣ ለቢዝነስም ለኢኮኖሚም እኩል ነው። አሁኑኑ ለአየር መንገዱ ደውለሽ ትኬቱ ላይ አስጽፊ፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይሁን። አውሮፕላኑ በር ላይ ተቀብሎ፣ ኢሚግሬሽን አሳልፎ፣ ሻንጣቸውን አንስቶ፣ ደጅ ድረስ የሚያደርሳቸው ሰው ይመደብላቸዋል። ደለስ ላይ ደግሞ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም። «ደህና ነዎት እናቴ» የሚል ድምፅ በሰሙ ጊዜ ግማሹ ድካማቸው ይወርዳል።

ሁለቱን ሰዓት ግን ብቻቸውን እንዲቀመጡ አታድርጊ። ከእድርሽ ወይም ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ለምኚ፤ ለእናት አቀባበል እንቢ የሚልሽ አይኖርም። ሰዎች የሚጠብቁበት ነጻ የመኪና ማቆሚያ ኤርፖርቱ አጠገብ አለ፤ እናትሽ ወጥተናል ብለው ሲያስደውሉ ወደ በሩ መጠጋት ነው። የአንቺንና የተቀባዩን ስልክ፣ የቤትሽንም አድራሻ በትልቁ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ፓስፖርታቸው ውስጥ እንዲይዙት ላኪላቸው። ሻንጣቸውን የሚያዘጋጀው ሰውም ቋንጣ እንዳይጨምር ንገሪው። በርበሬውና ሽሮው ምግብ ይዣለሁ ተብሎ ይመዝገብ። ጉምሩክ ላይ አንድ ሰዓት የሚያቆመው ያልተነገረ ምግብ ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው እናት ያ ሰዓት ረዥም ነው።

«ሼባማይልስ ጎልድ ነኝ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ገብቼ በዚያው ቀን ዩናይትድ በሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ወደ ዴንቨር እቀጥላለሁ፤ አምስት ሰዓት መጠበቅ አለብኝ። ባለቤቴ አብራኝ አለች፣ እሷ ካርድ የላትም። እኛም ደራሽ ነን ተብለን እንከለከላለን?» ከዴንቨር

አትከለከሉም። እናንተ በዚያው ቀን የሚነሳ በረራ ስላላችሁ ተነሺ ናችሁ። መጀመሪያ ግን ኢሚግሬሽን ታልፋላችሁ፣ ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ እንደገና ታስረክባላችሁ፣ ፍተሻውንም እንደ አዲስ ታልፋላችሁ። ከዚያ የዴንቨሩን ቦርዲንግ ፓስና ካርድህን ይዘህ ዩናይትድ ክለብ ወደሚባለው የዩናይትድ ላውንጅ ትገባለህ። የሚገርመው የዩናይትድ የራሱ ጎልድ አባል በአገር ውስጥ በረራ ብቻ ሲሄድ በካርዱ አይገባም፤ ከውጭ አባል አየር መንገድ ካርድ ያለህ አንተ ግን ትገባለህ። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ከተጠራጠረ ስታር አልያንስ ጎልድ የሚለውን ምልክት አሳየው። ሼባማይልስ የሚለውን ብቻ ካየ ላያውቀው ይችላል። ካርድህ ከጎልድ በታች ያለው ሲልቨር ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር።

ባለቤትህም ትገባለች። ጎልድ አብሮት የሚበር አንድ እንግዳ ማስገባት ይፈቀድለታል፤ ቦርዲንግ ፓሷን ይዛ ከጎንህ ትቁም፣ አንተ ቀድመህ ገብተህ በኋላ እንዳትጠራት።